ጋቢ የለበሰው ጠመንጃ

ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ካለ እባካችሁ ለእኔ አታሳዩኝ። ዓይኔ ካየው እጄ አያርፍም። እጄ ከነካው ደግሞ ዕቃው ራሱ ለዘለዓለም ያርፋል። ባለቤቴ አስቴር ማይክሮዌቩ እንግዳ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ለልጃችን የምትነግራት በሹክሹክታ ነው፣ እኔ እንዳልሰማ። እኔ ግን በወጣትነቴ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ኮርስ ጀምሬ ነበር። ጀምሬ ነበር ነው ያልኩት። ቀይ ሽቦ የት፣ ጥቁር ሽቦ የት እንደሚገባ ሊነግሩን ሲሉ ዲቪ ደረሰኝና አሜሪካ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ባየሁ ቁጥር ያቋረጥኩት ትምህርት ትዝ ይለኛል፤ ልጨርሰውም እሞክራለሁ።

የአሁኑ ጉዴ ግን ከማይክሮዌቭ ይብሳል። ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፣ የእውነት አይደለም። ኤርሶፍት ይሉታል። በባትሪ የሚሠራ፣ ቁንዶ በርበሬ የምታክል ነጭ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ መጫወቻ ነው። የወለዱ፣ የከበዱ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የወታደር ልብስ ለብሰው ጫካ ይገቡና በዚህ ይተኳኮሳሉ። የተመታው ሰው እጁን አንሥቶ "ተመትቻለሁ" ይልና በገዛ ፈቃዱ ከጨዋታው ይወጣል። ማንም አያስገድደውም! እኛ ሰፈር በብይ የተበላ ልጅ እንኳ አልተበላሁም ብሎ ድንጋይ ያነሳ ነበር።

ጠመንጃው የካሌብ ነው። ካሌብ ልጄ ሳሮን የምትወደው ልጅ ነው። ሳን ሆዜ ተወልዶ፣ ሳን ሆዜ አድጎ፣ እዚያው ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ፣ ቁመቱ የበራችንን ጉበን የሚነካ ልጅ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ መናገር ላይ ግን አፉ ይያዛል። ቤታችን ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እኔ "ሥራ እንዴት ነው?" እለዋለሁ። "ኦልራይት ነው ጋሼ" ይለኛል። ከዚያ ሁለታችንም ቴሌቪዥን እናያለን። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ቢሆን እናያለን።

ልጁን ጠልቼው እንዳይመስላችሁ። ፈርቼው ነው። ሳሮን ኦክላንድን ትታ ሳን ሆዜ ሥራ ከያዘች ወዲህ የማያት ከእሑድ እሑድ ነው። እሑዴንም የሚወስድብኝ ሰው በሬ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታ ማየት ልብ ያምማል። ለዚህ ነው ወሬ የሚያጥረኝ።

አንድ እሑድ ታዲያ ሳሮን ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ።

"አባዬ፣ ፕሊስ። አንድ ቀን ብቻ ከእሱ ጋር ታይም ስፔንድ አድርግ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ፊልድ ይሄዳል። አብረኸው ሂድ።"

"ጦርነት?"

"ጌም ነው፣ አባዬ!"

እሷ ስትወጣ አስቴር ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም ጨመረችልኝ። "ሊያናግርህ ነው እኮ። ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ሊጠይቅህ ይፈልጋል። እዚህ ቤት አንተን ሲያይ ምላሱ ይተሳሰራል። ጫካ ውስጥ ይሻለው ይሆናል። ደግሞ አንተም እንደ ሰው አናግረው፤ ልጅቷን እንዳታሳጣን።"

ይህ አባባል ገባኝ። ልጄን የማጣት በምሰጣት ቀን አይደለም፤ ባኮረፍኩ ቀን ነው። ስለዚህ እሄዳለሁ አልኩ።

ካሌብ ደስ ብሎት ትርፍ ጠመንጃውን አምጥቶ ሰጠኝ፣ እስከዚያ እንድለማመድበት። አጭር፣ ጥቁር፣ የአፈሙዙ ጫፍ ብርቱካንማ የሆነ ነው። ብርቱካንማው መጫወቻ መሆኑ እንዲታወቅ ነው አሉ።

"ጋሼ፣ ባትሪውን ቻርጅ ሲያደርጉ ኬርፉል ይሁኑ፣ ፋየር ሊነሳ ይችላል። ፕሮብሌም ካለ ኮል ያድርጉልኝ። ኤኒ ታይም።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ ነበር። እኔ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ "ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተሩን ያዝ። ኤሌክትሪክ ለእኛ ተወው" አልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ያን ጊዜ አማቴ እማማ ውድነሽ ብቅ አሉ። እማማ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ልብስ ጥቂት፣ ጸበል ብዙ ነበር፤ ዛሬም ፍሪጃችን በር ላይ ከወተቱ አጠገብ ትልቅ የጸበል ጠርሙስ ይቆማል። ከቤታችን የሚወጣ ነገር ከእሳቸው ጸበል አያመልጥም። የመኪናዬ ጎማ ይረጫል። የአስቴር የሥራ ጫማ ይረጫል። አንድ ጊዜ ፖስታ ያመጣው ሰውዬ ሳይቀር እርጥብ ሆኖ ተመልሷል።

"ይሄ ምንድነው?" አሉኝ ጠመንጃውን እያዩ።

"መጫወቻ ነው፣ እማማ።"

"መጫወቻ አፈሙዝ አለው?"

"የሚተኩሰው ፕላስቲክ ነው። ሰው አይጎዳም።"

"ዓይን አያጠፋም?"

"ሁሉም መነጽር ያደርጋል።"

"እንግዲያው ያጠፋል ማለት ነው" አሉና ከንፈራቸውን መጠው ገቡ።

እኔ ጠመንጃውን ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩትና ነገ እለማመዳለሁ እያልኩ ሳምንታት አሳለፍኩ። ለጦርነት የሚዘጋጅ ሰው እንዲህ አይደለም፣ አውቃለሁ። በመጨረሻ ጨዋታው ሊደርስ ሲል ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ። ባትሪውን እሳት ቢነሳ ብዬ የሽሮ ድስት ውስጥ አስቀምጬ ቻርጅ አደረግሁት። አስቴር ለሽንኩርት የምታደርገውን መነጽር አጠለቅሁ። ባዶ ካርቶን አቆምኩ። እግሬን ከፈት አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቃታውን ሳብኩ።

ምንም።

ደግሜ ሳብኩ። ቅ እንኳ አላለም። በጣቴ ልጥጥ አድርጌ፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ፣ ከዚያ በቁጣ ሳብኩት። ካርቶኑ በሰላም ቆሞ ያየኛል።

ኤሌክትሪክ አለ የለም የሚለውን ቴስተሬን አወጣሁ። ባትሪውን ለካሁት፣ አለ። ፊውዙን ለካሁት፣ አለ። የሚታየውን ሽቦ እየተከተልኩ ለካሁ፣ አለ። ባትሪው አለ፣ ፊውዙ አለ፣ ሽቦው አለ፤ የሌለው ተኩሱ ብቻ ነው። የጋራዡን መብራት ያጠፋሁት መስሎኝ ማብሪያውን ሁሉ ነካካሁ። ይህን ያደረግሁት ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ለካሌብ ብደውል በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን "ኤሌክትሪክ ለእኛ ተወው" ያልኩት አፍ አሁን ምን ብሎ ይከፈታል? ገና ሳልተኩስ ጠመንጃውን ያበላሸ አማት ተብዬ በልጁና በጓደኞቹ ፊት ልቁም? ልጁ ሊያናግረኝ ያሰበበትን ቀን እኔው ላበላሽበት? አይሆንም። ኤል ሴሪቶ ላለው ወዳጄ ለጌታቸው ደወልኩ።

ጌታቸውን ሁሉም ሰው "ኢንጂነር" ይለዋል። የቤተ ክርስቲያናችንን ማይክሮፎን ከሠራ ወዲህ ነው። ማይክሮፎኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሠራው ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ብቻ ነው፤ ቄሱም ወደ ግራ አዘንብለው መቀደስ ለምደዋል።

"አምጣው!" አለኝ ጌታቸው። "ሞተር ሞተር ነው። የልብስ ማጠቢያ የሠራ ሰው ጠመንጃ አያቅተውም።"

መኪናውን አስቴር በርክሌ ወደሚገኘው ሆስፒታል ይዛው ሄዳለች፣ ነርስ ናት። የቀረኝ አውቶቡስ ነው። እንግዲህ አስቡት። የእኔን መልክ የያዘ ሰው ጠመንጃ የመሰለ ነገር ይዞ ኦክላንድ ውስጥ አውቶቡስ ሊሳፈር ነው። ጫፉ እኮ ብርቱካንማ ነው ብዬ እስክጨርስ የሚያዳምጠኝ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም። ካሌብ ያመጣበት ቦርሳም ቅርፁ ራሱ ጠመንጃ ጠመንጃ ይላል። ስለዚህ ጋቢዬን አወረድኩ። ጠቀለልኩት፣ ደግሜ ጠቀለልኩት፣ ጫፉን አጠፍ አደረግሁ። ጭነቱ ወደ ኋላው ስለሚያደላ እንዳያዳልጠኝ አንዱን ክንዴን ከሥር፣ ሌላውን ከላይ አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

አውቶቡሱ ላይ ስወጣ አንዲት ወጣት ከመቀመጫዋ ተነሥታ አስቀመጠችኝ። ፈገግ አለች። ከፊት ያሉ አሮጊትም ፈገግ አሉ። የኦክላንድ ሰው እንዲህ ደግ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሹፌሩ ሲያቆም ጋቢውን ትንሽ እወዘውዘዋለሁ፣ ባትሪው እንዳይናወጥ።

ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ እትዬ የሺ ገቡ።

እትዬ የሺን ለማታውቁ፦ የእሳቸው ስልክ ቻርጅ ሲያልቅ የምሥራቅ ቤይ ሐበሻ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ያንሳል። ክፉ ሰው አይደሉም። የሰማ ሰው ሁሉ እንዲደሰት ወይም አብሮ እንዲያዝን ይፈልጋሉ እንጂ።

"ውይ በሞትኩት!" አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። "ሕፃን ነው?"

አውቶቡሱ ሞልቷል። "ጠመንጃ ነው" የሚለው ቃል በአማርኛም ቢሆን በእጅ ምልክት ሳይታጀብ የሚወጣ አልመሰለኝም። ጭንቅላቴ በራሱ ሥልጣን ወደ ታች ወደ ላይ አለ።

"የማን?"

"የ... የሳሮን።"

"ሳሮን ወለደች?! እኛ ሳንሰማ! እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ።" ወንድ ያልኩት ለምንድነው? ጥያቄውን ስለጠየቁኝ ነው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ዝርዝር ይፈልጋል።

"እስቲ ልየው ፊቱን።"

"አይ አይ! ገና ክርስትና አልተነሣም።"

ይህ መልስ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ እትዬ የሺን ግን እንደ አጥር አቆማቸው። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ለዓይን እንደማይጋለጥ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። "ልክ ነህ፣ ልክ ነህ፣ ሸፍነው" አሉና "ቱፍ ቱፍ፣ እደግ የኔ ጌታ" ብለው ጋቢውን መታ መታ አደረጉት። ፊታቸው ላይ መገረም ተነበበ።

"እንዴት ጠንካራ ነው!"

"አያቱን ነው" አልኩ።

ጎንበስ ብለው ጋቢውን ሳሙልኝ። የሳሙት በትክክል አፈሙዙ ላይ ነው። እኔ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት።

ጌታቸው ጋራዡን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። በመጀመሪያ ሞተሩን አወጣና ሁለት ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ አገናኘው። ሞተሩ ዚዚዚ ብሎ ከእጁ አመለጠና ጠረጴዛው ላይ ዞረ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ዘለልን።

"ይኸውልህ" አለ ጌታቸው ጥግ ካለው በርሜል ጀርባ ብቅ ብሎ። "ባትሪው ደህና ነው። ሞተሩ ደህና ነው። በመሀላቸው ግን ሰላም የለም።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"መሀል እንገባለን።"

መሀል ገባን። ቡሎኖቹን እየፈታን የብረቱን ሆድ ከፈትነው። ሆዱ ውስጥ ሞላ እንዳለ ማንም አልነገረንም። ሞላው ደግሞ ነፃነቱን ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ጭው! ብሎ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ተከትለውት ጥርሳም ጎማዎች፣ ደቃቅ ቡሎኖች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ቁርጥራጮች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሞላውን የጌታቸው ሚስት ካጣጠፈችው ልብስ መሀል አገኘነው። ከዚያ በኋላ ብልሽቱን መፈለግ ቀርቶ ዋናው ጉዳይ ሬሳውን መሰብሰብ ሆነ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እንደ ምንም ዘጋነው። ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ቡሎኖች ተረፉ። ጌታቸው ትንሽ አሰበና፣ "እነዚህ ከፋብሪካ ሲጓጓዝ እንዳይንቀሳቀስ የሚያስሩት ናቸው" ብሎ ኪሱ ከተታቸው። ባትሪውን ሰካን። ቃታ ሳብኩ። ምንም። ሞተሩ በቀጥታ ሲገናኝ ይዘላል፤ በቃታ በኩል ግን ዝም ነው።

ስልኬ ጮኸ። አስቴር ናት።

"እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ" አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር የኖረ ሰው ያን ዓይነት መረጋጋት ያውቀዋል።

"በ... በምን?"

"አያት ሆንሽ አሉኝ። በሽተኛ እያከምኩ። ልጄን ያየኋት እሑድ ነው፣ ሆዷ እንደ ገበታ ልሙጥ ነው። አውቶቡስ ላይ ምን ይዘህ ነበር?"

"ቤት ስትመጪ አስረዳሻለሁ።"

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላል ያገሬ ሰው። የምሥራቅ ቤይ ሰው መላውን ትቶ ሕፃን ጨመረ፤ ከበርክሌ ወደ ሳን ሆዜ ሲደርስ መንታ ሆነዋል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ወሬው ጥርስ አወጣ። ካሌብ አላውቅም ብሎ ክዶ፣ አያትየው ምስኪኑን ሕፃን በአውቶቡስ ይዞ የሚያሳድገው ሰው እየፈለገ ነው ተባለ። ይህን የነገረኝ ራሱ ጌታቸው ነው፣ ከሚስቱ ስልክ እያነበበ።

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋብኝ። የእኔ ኩራት ቢጎዳ እኔው ልቻለው። አሁን ግን የልጄ ስም ነው። ያ ሶፋ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ ልጁን የካደ ተብሎ በእኔ አፍ ምክንያት ይታማል። ለአንድ ቡሎን ብዬ የሁለቱን ሠርግ ላፈርስ ነው።

ጠመንጃውን መልሼ በጋቢ ጠቀለልኩት። ጌታቸው በመኪናው ወደ ቤቴ አደረሰኝ። በራችን ላይ የጫማ ክምር ሳይ ነገሩ እንደቀደመኝ ገባኝ። ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል። አራስ ጥየቃ ነው! አጥሚት በፔርሙዝ፣ መሀል ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቅቤው መሀሉ ላይ ኩሬ የሠራ ግዙፍ ገንፎ። እማማ ውድነሽ መሀል ተቀምጠው፣ ማን እንደወለደላቸው ሳያውቁ በየተራ እየተሳሙ "አሜን፣ አሜን" ይላሉ።

"መጣ፣ መጣ!" አሉ እትዬ የሺ፣ ሳልናገር ጋቢውን ከክንዴ ተቀብለው ሶፋው ላይ አስተኙት። ትራስም ደገፉለት።

በዚያው ቅጽበት አስቴር ከሥራ ገባች። ከኋላዋ ሳሮን፣ ከሳሮን ኋላ ካሌብ። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ በትራፊክ ሲበሩ መምጣታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

"አባዬ" አለች ሳሮን፣ "እኔ ነኝ የወለድኩት?"

ካሌብ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ነጥቷል። ሶፋው ላይ ያለውን ጋቢ፣ ከዚያ ሳሮንን፣ ከዚያ እኔን አየ። "ጋሼ... ሁሉም ሰው ኮል እያደረገኝ ነው። ልጅ አለኝ?"

አጥሚት የሚቀዳው እጅ ቆመ። ሌላ ውሸት ለመፈብረክ አፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳሮን ዓይን ውስጥ እንባ ሲያቀርር አየሁና አፌን ዘጋሁት። ወደ ሶፋው ሄጄ ጋቢውን ገለጥኩት።

ብርቱካንማው አፍንጫ ብቅ አለ።

እትዬ የሺ ያን የሳሙትን አፍንጫ ትኩር ብለው አዩ። ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አያቱን ነው አላልክም?"

"ሕፃን የለም" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ሳሮን አልወለደችም። ይሄ ልጅም ማንንም አልካደም። ጠመንጃውን አበላሽቼበት፣ እሱን መጠየቅ አፍሬ፣ ሸፍኜ ላሠራ ስሄድ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። እትዬ የሺ፣ ይህንንም እንደዚያኛው ያዳርሱልኝ።"

"ምን ገዶኝ" አሉ እትዬ የሺ ስልካቸውን እያወጡ። ውርደቴ ገና ከሳሎን ሳይወጣ ሳን ሆዜ ደረሰ።

ካሌብ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጫማውን አወለቀ፣ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አደረገ።

"ምን ሆኖ ነው፣ ጋሼ?"

"አይተኩስም። ባትሪው አለ፣ ፊውዙ አለ፣ ሞተሩም በቀጥታ ሲገናኝ ይዞራል።"

"ኖ ዌይ! ይሄን ሁሉ ቼክ አደረጉ?" አለ። መገረሙ የማሾፍ አልነበረም። "ያ ጉድ ሥራ ነው። ኦኬ፣ የቀረው ትሪገሩ ነው። ካ... ካቻ...?"

"ካቻቢቴ" አልኩና አቀበልኩት። ከተዋወቅን ጀምሮ ከሥራና ከቴሌቪዥን ሌላ የተቀባበልነው የመጀመሪያ ነገር ነው። አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጌታቸውም ሳይጠየቅ ከኪሱ ቡሎኖቹን አውጥቶ በክብር ደረደረ።

ካሌብ ሞላውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሆዱን ከፈተው። እኛ የተኮስነውን እሱ ያዘው። ከቃታው ጀርባ ሲሳብ የሚነካኩ ሁለት የመዳብ ምላሶች አሉ፤ መንካት ሲያቆሙ መብራቱ አያልፍም። ምላሶቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ሻግተዋል ማለት ይቀላል። ዙሪያቸው ደግሞ ግራጫ ጭቃ ተጋግሯል።

"ጋሼ፣ ዝናብ መትቶታል?"

"ምን ዝናብ አለ በዚህ ወር? ከመደርደሪያ አልወረደም።"

"ግን ዋተር ነው። ደግሞ... ይሄ ምንድነው፣ አመድ?"

"ዝናብ አይደለም" አሉ እማማ ውድነሽ ከመቀመጫቸው። "እኔ ነኝ።"

ዞር አልን።

"ይሄ ነገር ቤት ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ በዚያች በቃታዋ ቀዳዳ ጸበል አፈስበታለሁ። እምነትም በጥብጬ ጨምሬበታለሁ። አምላኬ፣ ይሄ መሣሪያ የሰው ልጅ እንዳይጎዳ አድርግልኝ እያልኩ።"

አስቴር ዓይኗ ፈጠጠ። "እማዬ፣ ላፕቶፔ አምና..."

"እሱ ሲያስመሽሽ ነበር" አሉ እማማ ባጭሩ።

ካሌብ ቃላት እየፈለገ፣ "እማማ፣ ኤሌክትሪክና ውሃ እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ማንን ጎዳ?" አሉት።

"ይቅርታ?"

"ይሄ ጠመንጃ ማንን ጎዳ? አንድ ሰው ንገረኝ።"

ካሌብ እኔን አየኝ። እኔ ጌታቸውን አየሁ።

"ማንንም፣ እማማ።"

"እንግዲያው የእኔ ጸሎት ሠርቷል። ያልሠራው የእናንተ ጠመንጃ ነው።"

አንዷ ሴትዮ "እልልል" አለች፤ ሌሎቹም ገንፎውን ይዘው የመጡበት ደስታ ባክኖ እንዳይቀር ተቀበሏት።

ካሌብ በሳሮን የጥፍር ሞረድ ምላሶቹን ሞርዶ ቀይ እስኪሆኑ አጸዳቸው። የጌታቸውን ቡሎኖች በሙሉ፣ ለመጓጓዣ የተባሉትን ጭምር፣ ቦታ ቦታቸው አስገባ። ፍሬ የሞላበትን ካዝና ሰካና ሰጠኝ። "ጋሼ፣ ይሞክሩት፣ ግን ፈርስት ወደ ታች..."

አላስጨረስኩትም። ከጠዋት ጀምሮ የታሰረ ጣት ነው። ጠጠጠጠጥ! ጠመንጃው የቀኑን ሙሉ ዝምታውን በአንዴ ተናገረ። ፍሬዎቹ ገንፎው መሀል፣ ቅቤው ኩሬ ውስጥ ገቡ፤ ቅቤው ተፈናጥሮ የእትዬ የሺን ነጠላ አገኘው። ሴቶቹ ጮሁ። እማማ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ይኸው! ጸበሉን አጸዱታ!"

ገንፎው አልተጣለም። አራስ ባይኖርም ገንፎ ይበላል። ፍሬዎቹን በማንኪያ ለቀምናቸው፤ የቀረችዋን ጌታቸው በመንጋጋው አገኛት። ኢንጂነር ነውና፣ ያን ቀን ያገኘው ብቸኛ ብልሽት ይህ ነው።

ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ወጣ ብሎ ያለው ጫካ ገባን። ስለ ጀግንነቴ ብዙ አልልም፤ አንድ የዛፍ ግንድ ለረጅም ሰዓት ማርኬያለሁ። ካሌብ አጠገቤ ተንበርክኮ፣ ከጨዋታው ይልቅ ለራሱ ሲያንበለብለው የቆየውን ነገር እያነበነበ ነበር። ድንገት ዞረና በጥርት ባለ አማርኛ፣ "ጋሼ፣ ሽማግሌ ልላክ?" አለኝ። ይህን ሲል ጭንቅላቱ ከግንዱ በላይ ወጥቶ ነበርና ጣ! አሉት። እጁን አነሳ፤ መልሴን ሳይሰማ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ላክ" አልኩት። "አሁን ውጣ፣ ተመትተሃል።" እኔም ሳልመታ እጄን አንሥቼ አብሬው ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከጥቂት ሰንበት በኋላ ነው። አንዱ ጌታቸው ነው፤ ለካስ ወዳጄ ጎራ ለውጧል። እንደ ደንቡ ተነሡ ተቀመጡ ተባለ፣ ሰጥቻለሁ አልኩ። ካሌብ ውጪ መኪና ውስጥ ይጠብቅ ነበር። እማማ ግን ይግባ አሉ፣ ልባርከው።

ሲገባ ጫማውን አወለቀ። ቀና ሲል እማማ ከፍሪጁ በር ያን ትልቅ ጠርሙስ ይዘው ሲመጡ አየ። ቆም አለ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የእጅ ሰዓቱን ፈታ። የመኪናውን ቁልፍ፣ ያንንም ባትሪ ያለውን፣ አወጣ። ሁሉንም እጄ ላይ አስቀምጦ፣ "ጋሼ፣ ሆልድ ያድርጉልኝ" አለና እማማ እግር ሥር ተንበርክኮ አንገቱን ደፋ።

ሳሮን አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቋን አመቀች። እማማ አልቆጠቡም። ውሃው ከፀጉሩ ወደ አንገቱ፣ ካንገቱ ወደ አዲሱ ሸሚዙ ወረደ፤ ልጁ ንቅንቅ አላለም። እኔ ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ስልኩን፣ ሰዓቱንና ቁልፉን ጠቀለልኳቸውና ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አንዲት ጠብታ አላስነካኋቸውም።